የላየንስ ማኅበር ዕድገትና ዓላማ

ለሰው ልጅ ጥቅም ቆመናል የሚሉ ማኅበራት በዓለም ላይ ቍጥራቸው ብዙ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በመንግሥት የተቋቋሙ አሉ፤ በአንድ ባለጸጋ ኑዛዜ የተቋቋሙም አሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የከተማ ነጋዴዎች ምሳ እየበሉ በመሰብሰብ የጀመሩትን፣ ዛሬ ከ200 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች 1.4 ሚሊዮን ያህል አባላት ያሉትን የላየንስ ክለብ ማኅበር ነው። ላየንስ በእንግሊዝኛ አንበሶች ማለት ነው። የማኅበሩ ምልክት አንዲት የላቲን ፊደል በመካከል ሆና ሁለት አንበሶች አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሲመለከቱ ያሳያል፤ አንደኛው ያለፈውን፣ ሁለተኛው የሚመጣውን ያያል ተብሎ ይተረጐማል። አንበሳ በየሳንቲሙና በየሐውልቱ ለሚታይበት ለእኛ አገር ሰው ስሙ እንግዳ አይሆንም። ሥራው ግን የስሙን ያህል አልታወቀምና ጥቂት እንመልከት። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ሰዎች ተሰብስበው ገንዘብ ሲያዋጡ የተዋጣው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ገንዘቡ ተራ በተራ ለራሳችን እንደሚመለስ እናውቃለን። ዕድርም ቢሆን በኀዘን ቀን የሚደርሰው ለአባሉና ለቤተሰቡ ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ያለ ዕድር ስንቱ ሰው ቀባሪ ባጣ ነበር። ይሁን እንጂ በሁለቱም መዋጮው የሚዞረው በአባላቱ መካከል ነው። የላየንስ ታሪክ የሚጀምረው ይህን ዙር ለመስበር ከተነሡ ሰዎች ነው።

የማኅበሩ መሥራች ሚስተር ሜልቪን ጆንስ ይባላሉ። በ1879 በአሜሪካ አሪዞና፣ ፎርት ቶማስ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የጦር መኮንን ነበሩ። ጆንስ ካደጉ በኋላ በቺካጎ ከተማ በኢንሹራንስ ሥራ ተሰማርተው የራሳቸውን ድርጅት እስከ ማቋቋም ደረሱ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከተሞች የነጋዴዎች ክበብ በየቦታው ነበር። ጆንስም በቺካጎ የአንዱ ክበብ ጸሐፊ ሆኑ። የክበቡ ዓላማ ግልጽ ነበር፤ አባላቱ እርስ በርሳቸው እየተገበያዩ ንግዳቸውን ማስፋት ነው። እኔ ከአንተ ሱቅ ልግዛ፣ አንተ ከእኔ ኢንሹራንስ ግባ እንደ ማለት ነው። በእኛ አባባል እከክልኝ ልከክልህ ይባላል።

ጆንስ በዚህ አልረኩም። እነዚህ ሰዎች ዕውቀት፣ ገንዘብና በከተማው ዘንድ የመደመጥ ዕድል እያላቸው ጉልበታቸውን በሙሉ ለራሳቸው ኪስ ብቻ ማዋላቸው ያሳስባቸው ጀመር። ስለዚህ በየከተማው ላሉ መሰል ክበቦች ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በ1917፣ በሰኔ 7 ቀን የጥቂት ክበቦች መልእክተኞች በቺካጎ ላሳል ሆቴል ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ደግሞ በቴክሳስ ዳላስ ከተማ የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ ተደረገ። ስሙም ከተሰበሰቡት ማኅበራት አንዱ አስቀድሞ ይጠራበት የነበረው ስም ነው።

በዳላሱ ጉባኤ ከጸደቁት ነገሮች አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ የማኅበሩ መሠረት ሆኖ ይኖራል። ይኸውም ማንኛውም ክለብ የአባላቱን የገንዘብ ጥቅም ዓላማው አድርጎ ማቅረብ አይችልም የሚል ነው። በነጋዴዎች ስብሰባ ውስጥ እንዲህ ያለ ደንብ መጽደቁ ቀላል ነገር አልነበረም። ብዙዎቹ ወደ ክበብ የገቡት ለዚያው ለንግዳቸው ሲሉ ነበርና።

ደንቡ በተግባር የሚታየው በሒሳብ አያያዝ ነው። አንድ የላየንስ ክለብ ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች ይይዛል። አንደኛው አባላቱ ከኪሳቸው የሚያወጡት መዋጮ ነው፤ የስብሰባው፣ የጽሕፈቱና የአስተዳደሩ ወጪ የሚሸፈነው ከዚህ ነው። ሁለተኛው ከሕዝብ የተሰበሰበው ገንዘብ ነው፤ ይህ እንዳለ ተመልሶ ለሕዝብ ጥቅም መዋል አለበት እንጂ ለክለቡ ወጪ አይነካም። ለእኔ ከማኅበሩ ሰንደቅና መፈክር ሁሉ ይልቅ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ብዙ መልካም ማኅበር የፈረሰው በክፉ ሐሳብ ሳይሆን ሁለቱን ከረጢት በመቀላቀል ነው።

ነገር ግን ምን እንደማይሠሩ መወሰን አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። ክለቦቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደየከተማቸው ችግር እዚህም እዚያም መልካም ሥራ ይሠሩ ነበር እንጂ ሁሉን የሚያስተሳስር አንድ ዋና ተግባር አልነበራቸውም። በ1920 በካናዳ ዊንድሰር ከተማ አንድ ክለብ በመቋቋሙ ማኅበሩ ዓለም አቀፍ የሚለውን ስም አገኘ። ዋናውን ተግባር ያገኘው ግን በ1925 ነው፤ ያሳየችውም ማየትም መስማትም የማትችል ሴት ናት።

ሔለን ኬለር በ1880 በአላባማ ተወለደች። የዐሥራ ዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለች በያዛት ሕመም ዓይኗንም ጆሮዋንም አጣች። ስለ እርሷ ብዙ ተጽፏልና አላስረዝምም። እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፈው ስለ አስተማሪዋ ስለ አን ሱሊቫን ነው። አን ሱሊቫን ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ ከፈለሱ ድኾች የተወለደች ናት። በአምስት ዓመቷ ገደማ ዓይኗን ታመመች። ሕመሙ ትራኮማ ነበር፤ እኛ በተለምዶ የዓይን ማዝ የምንለው ማለት ነው። እናቷ ሞተች፣ አባቷም ልጆቹን ተዋቸው። በ1876 ከታናሽ ወንድሟ ጋር የድኾች መጠለያ ገባች፤ ወንድሟም በጥቂት ወራት ውስጥ እዚያው ሞተ። ዓይኗ እየደከመ በዚያ ቤት አራት ዓመት ኖረች። በ1880 መጠለያውን ሊመረምሩ የመጡ ሹማምንት ዘንድ ቀርባ ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ ብላ ለመነች፤ ልመናዋ ተሰምቶላት በቦስተን ወደ ነበረው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከች። በዚያ ዘመን ዓይኗ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በከፊል ማየት ቻለች። በ1886 ከክፍሏ አንደኛ ሆና ጨረሰች፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሔለንን ልታስተምር ወደ አላባማ ሄደች። የስድስት ዓመቷን ልጅ እጅ በውኃ ቧንቧ ሥር አድርጋ፣ በሌላው እጇ መዳፍ ላይ ውኃ የሚለውን ቃል በጣቷ ስትጽፍላት ልጅቷ ነገር ሁሉ ስም እንዳለው የተረዳችው ያን ጊዜ ነው።

ሔለን ኬለር አድገው በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ ተመረቁ። ከ1924 ጀምሮ ለአሜሪካ የዓይነ ስውራን ድርጅት እየሠሩ በየከተማው ይናገሩ ነበር። በሰኔ 30 ቀን 1925 በኦሃዮ ሴዳር ፖይንት በተደረገው የላየንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተው ንግግር አደረጉ። ንግግሩ አጭር ነበር። ዕድል በየሰው በር አንድ ጊዜ ያንኳኳል የሚለውን አባባል አንሥተው፣ እነሆ ዛሬ በራችሁን የማንኳኳው እኔ ነኝ አሉ። ልጅ ሆኜ እንድታሳድጉኝ እወዳለሁ ካሉም በኋላ መከላከል የሚቻለው ዕውርነት ሁሉ እንዲወገድ፣ ዓይነ ስውር ሕፃን ሳይማር እንዳይቀር አባላቱን ጠየቁ። በመጨረሻም ከጨለማ ጋር ለሚደረገው ዘመቻ የዓይነ ስውራን ፈረሰኞች እንዲሆኑ ተማጸኑ።

እስቲ ይህን ልብ እንበል። ሚስ ኬለር ምጽዋት አልለመኑም። የጠየቁት ዕውርነት ከመምጣቱ በፊት እንዲከለከል ነው። በመንገድ ዳር ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጠው ዓይነ ስውር ሳንቲም መስጠት መልካም ነው፤ ነገር ግን ያ ሰው በሰባት ዓመቱ ዓይኑን ማን አየለት ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጉባኤው ጥያቄያቸውን ተቀበለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓይን ጉዳይ የላየንስ ዋና ሥራ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕድገት ፈጣን ነው። በ1927 አባላቱ 60 ሺህ ያህል ደርሰው ነበር። በ1930 በኢሊኖይ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ የክለብ አባል የነበሩት ሚስተር ጆርጅ ቦናም አንድ ዓይነ ስውር ጥቁር ከዘራ ይዞ መንገድ ለመሻገር ሲቸገር አዩ። መኪና ነጂዎቹ ከዘራውን ከአስፋልቱ ለይተው አላዩትም። ቦናምም ከዘራውን ነጭ ቀብቶ በላዩ ቀይ መቀነት ማድረግ እንደሚረዳ አሰቡ። ክለቡ በትሮቹን እየቀባ አደለ፤ የከተማው ምክር ቤትም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነጭ በትር ለያዘ ሰው መንገድ ይለቀቅ የሚል ደንብ አወጣ። በአውሮፓም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ሐሳብ ያመጡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በከተሞቻችን ነጭ በትር ይዞ የሚሄድ ሰው ስናይ ነገሩ ከጥንት የነበረ ይመስለናል፤ ዕድሜው ግን መቶ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1939 ደግሞ የዲትሮይት አካባቢ አባላት ለዓይነ ስውራን መሪ የሚሆኑ ውሾችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ያገለገለ መነጽር ሰብስቦ፣ አጥቦና ለክቶ ለሌላው ማደል፣ ከሞቱ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚገኘውን የዓይን ብርሃን መግቢያ ሽፋን ጠብቆ ለሕሙማን የሚያደርስ የዓይን ባንክ ማቋቋም፣ እነዚህም ተከታተሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማኅበሩ በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ ተስፋፋ። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳን ፍራንሲስኮ ሲመሠረት ላየንስ በአማካሪነት ከተጋበዙት ማኅበራት አንዱ ነበር። እናንተ ወጣቶችን የሚመለከተው ደግሞ በ1957 በፔንሲልቬንያ የአቢንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጀመረው ሊዮ ክለብ ነው። የትምህርት ቤቱ የቤዝቦል አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ የጀመረው ሲሆን፣ በዛሬው ጊዜ ከ12 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች የሚገቡበት ዓለም አቀፍ ክፍል ሆኗል። ሜልቪን ጆንስ በ1961 ሲሞቱ የጀመሩት ምሳ ወዴት እንደ ደረሰ አይተው ነው።

ማኅበሩን የምናመሰግነውን ያህል ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው። ላየንስ ከ1918 ጀምሮ ሰባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሴቶችን በአባልነት አልተቀበለም። ሚስቶች ድግስ ያዘጋጁ ነበር፤ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበራቸውም። በሩ የተከፈተላቸው በ1987 በታይፔ በተደረገው ጉባኤ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ዓለም አቀፍ ፕሬዚዳንት፣ የአይስላንዷ ጉድሩን ይንግቫዶቲር፣ የተመረጡት በ2018 ነው። ዋናውን ሥራ ለማኅበሩ የሰጠችው ሴት መሆኗን ስናስብ መዘግየቱ ያስገርማል። ቀጥለን እንደምናየው፣ ከሕመሙ የሚበልጠውን ሸክም የተሸከሙትም ሴቶች ናቸው።

በ1990 ማኅበሩ ሳይት ፈርስት የተባለውን፣ ማየት ይቅደም ልንለው የምንችለውን ትልቅ ዘመቻ አወጀ። አባላቱ በየአገሩ ገንዘብ ሰብስበው በሁለት ዙር ዘመቻ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ዶላር አጠራቀሙ። ገንዘቡ የዓይን ሞራ ለማስወገድ፣ ሐኪሞችን ለማሠልጠንና በድኻ አገሮች ዕውርነትን የሚያመጡ በሽታዎችን ለማጥፋት ተመደበ። በ1999 ከካርተር ማእከል ጋር ስምምነት ተደረገ። የማእከሉ መሥራች የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፣ ገና ገበሬና ነጋዴ ሳሉ፣ በጆርጂያ የላየንስ አባል የነበሩና በ1960ዎቹ መጨረሻ የአውራጃ ኃላፊ እስከ መሆን የደረሱ ሰው ናቸው። እግረ መንገዳችንን እናንሣውና፣ እኒህ ሰው ከፕሬዚዳንትነት ወርደው ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ በትንሿ ከተማቸው እሑድ እሑድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። በ2024 መጨረሻ በመቶ ዓመታቸው ዐረፉ።

በዚህ ስምምነት መሠረት ሥራው ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚፈስሱ ወንዞች ዳር የምትራባ ጥቁር ትንኝ የምታስተላልፈውን፣ ቆዳ የሚያሳክክና ዓይን የሚያጠፋ የትል በሽታ ለመከላከል፣ መርክ የተባለው ኩባንያ ከ1987 ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው መድኃኒት ይታደላል። ሰፊው ሥራ ግን የትራኮማው ነው። እዚህ ላይ የአን ሱሊቫንን ሕመም እናስታውስ።

ትራኮማ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ የሚያመጣው ነው። ከታመመ ሕፃን ዓይንና አፍንጫ የሚወጣው ፈሳሽ በእጅ፣ በነጠላ፣ በእናት ቀሚስ ጫፍና በዝንብ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን ሕፃኑን በየዓመቱ፣ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ሲይዘው የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጡ እየጠበሰለ ይሄዳል። ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይኑን መቧጨር ይጀምራል። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ዓይናቸውን በጨፈኑና በገለጡ ቁጥር ፀጉሩ ይፍቃል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሲያልፉ የዓይኑ መስታወት ይነጣል፤ ከዚያ በኋላ ብርሃን አይመለስም።

በገጠር ብዙ እናቶች በአንገታቸው ማተብ ወይም በመቀነታቸው ወረንጦ አስረው የሚይዙት ስለዚህ ነው። ፀጉሩ ሲወጋቸው ይነቅሉታል፤ ከሳምንታት በኋላ ያጠረና የጠነከረ ሆኖ ተመልሶ ይበቅላል። በምድጃ ጢስ ፊት ተቀምጠው፣ ፀሐይ ላይ ቆመው የሚሠሩ ሴቶች በዚህ ሥቃይ ይኖራሉ። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚያጠቃበት ምክንያት ስውር አይደለም። ሕፃናትን የሚያዝሉ፣ የሚያጠቡና ፊታቸውን የሚጠርጉ እነርሱ ናቸው፤ ስለዚህ ተሕዋሱ ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይመላለሳል።

በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 40 ያህሉ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። በአማራ ክልል ከመቶ ከ60 በላይ ነበር። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የተቀለበሰባቸው አዋቂዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ተገምቶ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሚስ ኬለር በ1925 መከላከል የሚቻለው ይወገድ ብለው የጠየቁት ዕውርነት ከሰማንያ ዓመት በኋላ በእኛ አገር ሜዳ ላይ ነበር።

ሥራው አራት ወገን አለው። የመጀመሪያው ለተቀለበሰው ቆብ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። ይህን የሚሠሩት በብዛት የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፤ ቆቡን አደንዝዘው፣ ሰንጥቀውና ሽፋሽፍቱን ወደ ውጭ መልሰው ይሰፉታል። ሴትዮዋ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አንዳንዴ ሕመሙ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት ነው፤ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በነጻ ይሰጣል፤ ለቀበሌው ሰው ሁሉ፣ ለታመመውም ላልታመመውም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይታደላል። በየመንደሩ ሚዛን ተሸክሞ መዞር ስለማይቻል መጠኑ የሚወሰነው በቁመት ነው። ምልክት የተደረገበት ረጅም እንጨት ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ወረፋ ይዞ በእንጨቱ ሥር ይለካል፤ እንደ ቁመቱ እንክብሉ ተቈጥሮ ይሰጠዋል። ለትንንሾቹ በፈሳሽ፣ ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት ደግሞ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጣል። የቀሩት ሁለቱ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው።

ስለ መጸዳጃ ቤት አንድ ነገር ልበል። ዓይን ላይ የምታርፈዋ ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ቤት ከተሠራለት ለመራባት አይመቻትም። በአማራ ክልል መጸዳጃ ቤት ይቆፈር ሲባል ጉዳዩን ከሁሉ ይበልጥ የያዙት ሴቶቹ ነበሩ። ወንዱ በፈለገበት ሰዓት ሜዳ ይወጣል፤ ሴቲቱ ግን ጨለማ እስኪሆን ወይም ሳይነጋ እስክትወጣ ድረስ ራሷን ይዛ መቆየት ነበረባት። ስለዚህ ለዓይን ተብሎ የመጣው ጉዳይ ለእነርሱ የክብር ጉዳይ ሆነ፤ ከታቀደውም እጅግ የበለጠ ተቆፈረ። ጂሚ ካርተር ይህን ታሪክ በኩራት ደጋግመው ይናገሩ ነበር።

የፊት መታጠቡ ነገር ከሁሉ የቀለለ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ከሁሉ የከበደ ነው። የሕፃን ፊት ለማጠብ ብዙ ውኃ አያስፈልግም፤ አንድ ጣሳ ለብዙ ሕፃናት ይበቃል። ሆኖም ረጅም መንገድ ሄዳ እንስራ ሙሉ ውኃ በጀርባዋ ለምታመጣ እናት፣ ያ ውኃ ለወጡም፣ ለቡናውም፣ ለመጠጡም ነው። ከተማ ተቀምጦ ቧንቧ የሚከፍት ሰው ታጠቡ እያለ ቢገሥጻት ነገሩን አላወቀውም። ስለዚህ የጉድጓድ ውኃ ማውጣት፣ ምንጭ ማጎልበትም የዓይን ሥራ ነው። ደግሞም ልጁን ማጠብ ከሚቸግር እናት ይልቅ የሚቀላት ታላቅ እኅቱን ማስተማር ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቶች በዚህ ብዙ ረድተዋል።

እዚህ ላይ ማኅበሩን የምንመዝንበት ነጥብ አለ። ከሩቅ አገር ያለ የላየንስ አባል በከተማው ድግስ አዘጋጅቶ፣ ቡና ሸጦ ወይም ከኪሱ አውጥቶ የላከው ገንዘብ ነርሷን አሠልጥኗል፣ መኪናዋንም ነዳጅ ሞልቷል። በኢትዮጵያ ያሉ የላየንስ ክለቦችም በሥራው ተካፍለዋል። ነገር ግን በገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንክብሉ በመጋዘን በቀረ ነበር። እንጨቱን አቁሞ ጎረቤቱን የሚለካው፣ ስሙን በመዝገብ የሚጽፈው፣ ያልመጣውን ቤት ድረስ ሄዶ የሚጠራው የቀበሌው ሰው ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከእርሷ ጋር የሚዞሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በጎ ፈቃደኛ የሚለውን ስም በባሕር ማዶ ለሚሰበሰበው ሰው ብቻ የምንሰጥ ከሆነ ታሪኩን በግማሽ ነገርነው። የላየንስ ጥሩነቱ፣ ሁለቱ ወገኖች ሳይተዋወቁ አብረው እንዲሠሩ ማድረጉ ነው። ኦሃዮ ያለው ሰው ደቡብ ጎንደር ያለችውን ሴት አያውቃትም፤ እርሷም ስሙን አትጠይቅም።

ሥራው ተጠናቋል ማለት አይቻልም። ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አጥፍተዋል ተብሎ በዓለም የጤና ድርጅት ተመስክሮላቸዋል። ዓለም በሙሉ እስከ 2020 እንዲያጠፋው የተያዘው ዕቅድ ስላልደረሰ ወደ 2030 ተዛውሯል። በዓለም ላይ ካለው ትራኮማ ትልቁ ድርሻ ያለው በኢትዮጵያ ነው። በአማራ ክልል ከዐሥር ዓመት በላይ በየዓመቱ መድኃኒት ታድሎ በብዙ ወረዳ በሽታው ሲቀንስ፣ በሌሎች ወረዳዎች ግን አልቀነሰም ወይም ከቀነሰ በኋላ ተመልሷል። ከ2020 ወዲህ የነበረው ጦርነትና ግጭት ደግሞ ሥራውን አስቸጋሪ አድርጎታል። ገንዘብ የሰጠ ሰው ውጤቱን ቶሎ ማየት ይፈልጋል፤ ይህ በሽታ ግን የአንድ ትውልድ ዕድሜ የሚጠይቅ ነው። የዳላሱ ደንብ ፈተናም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጥቅም የማያገኝበት ሰው ስንት ዓመት ይታገሣል?

አንድ ወረዳ ከትራኮማ ነጻ ሆነ የሚባለው መቼ ነው? ልኩ የታወቀ ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት ሕፃናት በሽታው ያለባቸው ከመቶ ከ5 በታች መሆን አለባቸው፤ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ ሽፋሽፍቱ ተቀልብሶበት ገና ያልታከመው ከሺህ ከ2 በታች መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ መርማሪው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። ከመቶ ዓመት በፊት የአውሮፓ ስደተኞች ኒውዮርክ ወደብ ሲደርሱ ሐኪም በጫማ ቁልፍ መንጠቆ ቆባቸውን እየገለበጠ ትራኮማ ያለበትን ወደ መጣበት ይመልሰው ነበር። ዛሬ በገጠር የሚሄደው መርማሪ የሚያየው ለመመለስ አይደለም። እጁን ያጸዳል፤ አጉሊ መነጽሩን ያደርጋል፤ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ወደ ታች እንዲያይ ይነግረዋል፤ የላይኛውን ቆብ በቀስታ ገልብጦ በውስጡ ያሉትን ነጫጭ ነጥቦች ይቈጥራል። አምስት ከሆኑ ወይም ከበለጡ ይመዘገባል፤ ከዚያም ቀጥሎ ወዳለው ቤት ይሄዳል።